ስድስት ቤርጋ

ዓለም ባንክ በሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ካሉት የግንባታ ዕቃ ሱቆች በአንዱ አሥር ኩንታል ባለ 12 ፌሮ ገባ። ፋብሪካው የሚሸጠው በኪሎ፣ ሱቁ የሚሸጠው በቤርጋ ነው። አዲሱ ሲስተም ግን ለአንድ ዕቃ ከአንድ መለኪያ በላይ ስለማያውቅ «10» ብሎ መዘገበው። ሠላሳ ቤርጋ ሲሸጥ ስቶኩ ከዜሮ በታች ሃያ ወረደ። ሶፍትዌሩን የሠራው ልጅ ተጠራ፤ ሳይቀመጥ እንኳን፣ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፍቶ፣ «አንድ ኩንታል አሥር ቤርጋ ነው» ብሎ አባዝቶት ሄደ። አይደለም። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ 12 ሜትር የሚረዝመው አንዱ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ይመጣል። አሥር ኩንታል መቶ ሳይሆን 94 ቤርጋ ገደማ ነው። የሌሉት ስድስት ቤርጋዎች በቆጠራ ቀን ጉድለት ሆነው ወጡና ከስቶር ሠራተኛዋ ደመወዝ ተቆረጡ።

እናንተ ሶፍትዌር ሠሪዎች፣ ይህን የኮድ ስህተት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ኮዱ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል። የቤርጋውን ክብደት ልጅቷ በቃሏ ታውቀው ነበር፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። ቀብድ በተቀበላችሁበት ማታ ዳታቤዝ ትከፍታላችሁ፣ በሳምንቱ በቀለም ያሸበረቀ ዳሽቦርድ ለባለቤቱ ታሳያላችሁ፣ ቀሪውን ሒሳብ ትቀበላላችሁ። ዕቃ ከየት ይገባል፣ ማን ይረከባል፣ በምን መለኪያ፣ በየትኛው ደረሰኝ፣ ሲመለስስ ማን ይፈርማል? ይህ ሁሉ ሳይጠየቅ የተጻፈ ሶፍትዌር ፍጥነታችሁን ሳይሆን ንቀታችሁን ያሳያል። የናቃችሁትም ሲስተሙን ስምንት ሰዓት ሙሉ የምትጠቀምበትን ሴት ነው።

አላወቅንም እንዳትሉ፣ ተምራችሁታል። የዳታ ፍሎው ዳያግራም፣ የኢ.አር. ዳያግራም፣ ኖርማላይዜሽን፣ ሁሉም በመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ጥራዝ ውስጥ አለ። ስንቶቻችሁ ከቀደመው ባች ገልብጣችሁ የድርጅቱን ስም ብቻ እንደቀየራችሁ ግን እናንተም አማካሪዎቻችሁም ታውቃላችሁ። ቶም ዴማርኮ የስትራክቸርድ አናሊሲስ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1978 ሲያወጣ የተዋጋው ማንም አንብቦ የማይጨርሰውን ወፍራም የጥናት ሰነድ ነበር። በእሱ ፋንታ ክብና ቀስት የሆነውን ይህንኑ የዳታ ፍሎው ዳያግራም አመጣ፤ ባለ ጉዳዩ ሥዕሉን አይቶ «እዚህ ጋ እንዲህ አይደለም» እንዲል። የብሪታንያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤስ.ኤስ.ኤ.ዲ.ኤም. የተባለውን የሲስተም ጥናትና ንድፍ ዘዴ በራሱ የኮምፒውተር ፕሮጀክቶች ላይ ግዴታ አደረገ። ዘዴው ከባድ ነበር፣ ወረቀት ያበዛ ነበር፤ ለአንድ ፌሮ ሱቅ ያን ሁሉ አድርጉ የሚላችሁ የለም። ሱቁ የሚፈልገው አንድ ገጽ ሥዕልና አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር።

«እኛ አጃይል ነን» የምትሉትም ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የአጃይል ማኒፌስቶ መርሆዎች ሥራውን የሚያውቁትና ሶፍትዌር ሠሪዎቹ በየቀኑ አብረው እንዲሠሩ ያዛሉ። እናንተ ከስቶር ሠራተኛዋ ጋር አንድ ቀን እንኳ አብራችሁ አልዋላችሁም። አጃይልን ለስንፍናችሁ መሸፈኛ አታድርጉት።

ከውጭ የወረደ ቴምፕሌት ስትጭኑብንማ ይብሳል። ጳጉሜን የማያውቅ የዱቤ መዝገብ፣ ሰኔ 30 ሒሳብ የሚዘጋ ነጋዴን ዲሴምበር ላይ ዝጋ የሚል ሪፖርት፣ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ የአያት ስም የሚያስገባበት ቦታ የሌለው የደንበኛ ቅጽ። ከዚያ ደግሞ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሰልፈኛው ይመለሳል።

ጉዳዩ የትንሽ ሱቅ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበትን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሳለን። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት ተናገረ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያይዞ ገለጸው። እስኪደረስበት ድረስ 490,000 ገደማ ግብይት ተካሂዷል። ያኔ አገሩ ሁሉ ገንዘብ ያወጡትን ተማሪዎች ሥነ ምግባር ሲገሥጽ ሰነበተ፤ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ሳይቀር ይፋ ወጣ። የማይገባውን የወሰደ መገሠጹ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ማን ምን እንደሚፈትሽና ማን ፈቅዶ እንደሚፈርም አስቀድሞ መጻፍ የዚህ ሙያ ሀሁ ስለሆነ፣ ያንኑ ያህል ጥያቄ ወደ ሙያችን መወርወር ነበረበት። ከኤቲኤሙ ፊት የቆመውን ልጅ ለመውቀስ ግን ፈጣኖች ነን።

እርስዎስ፣ ጋሼ ባለሱቅ? ፌሮ ሊገዛ የሚመጣው ሰው ሁሉ ፕላን አስነድፎ ነው የሚመጣው፤ ስንት ኮለን፣ ስንት ሶሌታ እንዳለው ሳያውቅ የሚመጣን ደንበኛ እርስዎ ራስዎ ይስቁበታል። የሱቅዎን ሲስተም ሲያሠሩ ግን ልጁ «አንድ ሁለት ሰዓት ይስጡኝ፣ ሠራተኞቹንም ላነጋግር» ቢልዎት ኖሮ ጊዜ የለኝም ይሉት ነበር፤ ርካሹንና ፈጣኑን መረጡ። ዕዳውም ከእርስዎ ኪስ ቢወጣ አንድ ነገር ነበር።

እንግዲህ ሁለታችሁም ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁ ሲጨናነቅ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቁሙና እዩ። ሥዕሉን ልጅቷ ፊት ሣሉት፤ ስህተት ነው ያለችውን አርሙ፤ ትክክል ነው ስትል ባለቤቱ ይፈርምበት። ኮዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የስድስቱን ቤርጋ ገንዘብ ግን እስከ ቅዳሜ አታቆዩት፤ ዛሬውኑ መልሱላት።