የጋራ ሚዛን የሌለው ምርጫ፦ ስለ ሁለት የግድግዳ ቀለሞች

የአንድን ሳሎን ግድግዳ ነጭ ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ለመቀባት መወሰን የፍልስፍና ጉዳይ አይመስልም፤ ሆኖም ሰው ከሁለት መልካም ነገሮች አንዱን በምክንያት መምረጥ የሚችለው እንዴት ነው የሚለውን ጥንታዊ ጥያቄ ከዚህ ይበልጥ አጥርቶ የሚያሳይ ጉዳይ ማግኘት ያስቸግራል። ከቀለሞቹ አንዱ በጎ፣ ሌላው ክፉ አይደለም፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን የሚያዝ፣ ሌላውን የሚከለክል ሕግም የለም። ሐሰትም፣ ኃጢአትም፣ ኪሳራም ከጥያቄው ሲወገዱ የሚቀረው የምርጫ ባሕርይ ራሱ ነው።

ጥያቄው በእስልምና የአስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የወጣው አቡ ሐሚድ አል ጋዛሊ በ1095 ገደማ ፈላስፎችን ለመሞገት ባዘጋጀው «ተሃፉት አል ፈላሲፋ» በተባለው መጽሐፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ፈላስፎቹ ጊዜያት ሁሉ እኩል ከሆኑ ፈጣሪ ዓለምን በአንዱ ጊዜ ትቶ በሌላው የሚፈጥርበት ምክንያት ስለማይኖር ዓለም መጀመሪያ የላትም እያሉ ሲከራከሩ፣ አል ጋዛሊ በሁሉም ነገር የሚመሳሰሉ ሁለት የተምር ፍሬዎች የቀረቡለትን፣ ነገር ግን አንዱን ብቻ መውሰድ የሚችለውን የራበው ሰው በምሳሌነት አነሣ፤ ይህ ሰው ከሁለቱ አንዱን መውሰዱ አይቀርምና፣ ፈቃድ ማለት የሚለይ ምክንያት በሌለበትም እንኳ አንዱን ነገር ከመሰሉ ነጥሎ የሚይዝ ኃይል ነው ሲል ደመደመ። ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ (1126–1198) ግን ሰውየው የሚመርጠው ከመውሰድና ከመተው እንጂ ከሁለቱ ፍሬዎች አይደለም፣ የትኛውንም ቢያነሣ የፈለገውን ያገኛልና ብሎ መለሰ። ተመሳሳዩ ችግር በአውሮፓ የሚታወቀው በሁለት እኩል የድርቆሽ ክምሮች መካከል ቆማ በረሃብ በምትሞት አህያ ታሪክ ሲሆን፣ ታሪኩ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስ ላስተማረው ለዣን ቡሪዳን ቢሰጥም በተረፉት ጽሑፎቹ ውስጥ አህያዋ አትገኝም።

የኢብን ሩሽድ መልስ እጅግ የተቀራረቡ ሁለት የነጭ ዓይነቶችን ይዞ ለሚያመነታ ሰው በቂ ነው፤ ግድግዳው ይቀባ እንጂ የትኛውም ነጭ ይሁን። ለነጭና ለጠቆረ አረንጓዴ ግን አይበቃም፤ እነዚህ የሚያስቸግሩት ስለሚመሳሰሉ ሳይሆን ስለሚለያዩ ነውና። ሁለቱ በዋጋ፣ ማለትም በመልካምነት፣ እኩል ቢሆኑ ኖሮ በአንደኛው ላይ የሚጨመር ጥቂት ብልጫ ሚዛኑን ያጋድለው ነበር፤ ነገር ግን የነጩ ባልዲ ጥቂት ብር ቢቀንስ የሚያመነታው ሰው ወዲያው ነጩን አይገዛም፣ ማመንታቱም እንዳለ ይቀጥላል። ፈላስፋው ጆሴፍ ራዝ በ1986 ባሳተመው ሥራው እንዲህ ያሉትን ነገሮች የማይመዛዘኑ ብሏቸዋል፤ ይህም አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም፣ እኩልም አይደለም ማለት ነው። ፈላስፋዋ ሩት ቻንግ ደግሞ ከመብለጥ፣ ከማነስና ከእኩልነት ሌላ አራተኛ ዝምድና አለ፣ እርሱም አቻነት ነው፣ በአቻነት ቦታም ሰው አንዱን በመያዝ የራሱን ምክንያት ያቆማል ትላለች። ይህ የቻንግ ሐሳብ ወደ እውነቱ እጅግ የቀረበ ነው፤ የሚጎድለው ምክንያቱ ከየት መጥቶ እንደሚቆም በሚገባ ማሳየት ነው።

ከዚያ በፊት ግን የሚዛን መጥፋት የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ የዕውቀት ማነስ መሆኑ መለየት አለበት። ቀለም ሻጩ ከሚያሳየው የናሙና ካርድ ላይ የተመረጠ አረንጓዴ አራቱንም ግድግዳ ሲሸፍን ከካርዱ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል፤ በተለይ ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ጥግ፣ ከአንዱ የተንጸባረቀው አረንጓዴ ብርሃን በሌላው ላይ ዳግም ስለሚያርፍ ቀለሙ ይደምቃል፣ ይጠልቃልም። ጥሩ ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ሲመልስ ጠቆር ያለ አረንጓዴ 10 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ብቻ ይመልሳል። በጠዋት ፀሐይ ጥርት ያለው ነጭ ማታ በቢጫ አምፖል ሥር የወተት ስልባቦት ይመስላል። በፓሪሱ የጎብለን ሽመና ማቅለሚያ ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ጥቁሩ ክር ደከመ የሚል አቤቱታ በቀረበለት ጊዜ፣ ጉድለቱ በማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ ጎን በተሠሩት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች የመጣ መሆኑን ደረሰበት፤ ጥናቱንም በ1839 አሳተመ። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ሁለት ሰፊ ናሙናዎችን፣ አንዱን ከመስኮቱ አጠገብ፣ አንዱን ከጥጉ፣ ቀብቶ በቀንም በማታም ያላየ ሰው ምርጫ ላይ ገና አልደረሰም። ይህ ሁሉ ታይቶ ሁለቱም ካማሩ ግን ተጨማሪ ማየት አይረዳም፤ እውነተኛው ጥያቄ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ታሪክ ፍንጭ ይሰጣል፤ የግድግዳ ነጭነትና ኅብር ሰዎችን በእምነት ያለያየበት ጊዜ ነበር። በ1524 በአውሮፓ የበጋ ወራት በዙሪክ ከተማ በባለሥልጣናቱ የተመደቡ ሰዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ገብተው በሩን ዘግተው ሥዕሎቹንና ምስሎቹን አስወገዱ፣ ግድግዳውንም በኖራ አነጡት፤ የተሐድሶው መሪ ኡልሪክ ዝዊንግሊም በግድግዳዎቹ ንጣት ደስ ተሰኘ፤ ለእርሱ ባዶው ግድግዳ ጆሮን ለቃሉ ነጻ የሚያደርግ ነበር። በአንጻሩ የሮም ጳጳስ የነበረው ታላቁ ጎርጎርዮስ በ600 ገደማ ለማርሴይ ጳጳስ በላከው ደብዳቤ፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ከመጽሐፍ ሊያገኙት ያልቻሉትን ከግድግዳ ሥዕል እንደሚያገኙ አስረድቷል። ወደ ጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ምእመን ከግድግዳው የቅዱሳንን ታሪክ፣ ቀና ሲልም በጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያያል፤ በዚያ ጸሎት የሚደረገው በማኅበር ነው፣ ማኅበሩም በሥጋ የቆሙትን ብቻ ሳይሆን በሥዕል የሚታዩትንም ያቅፋል። በዙሪክና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ለመፍረድ ነጭ ከኅብር ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብሎ መጠየቅ ፍሬ የለውም፤ እያንዳንዱ መልሱን ያገኘው በዚያ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ምንድን ነው፣ የሚደረገውስ ለእነማን ነው ከሚለው ጥያቄ ነው። የዙሪክ ጥፋት ነጭን መምረጡ ሳይሆን፣ ትውልዶች ሲጸልዩበት የኖሩትን ሥዕል መልሶ ለማግኘት በማያስችል ሁኔታ ማጥፋቱ ነው፤ ይህ ጥፋት በማናቸውም የኖራ ውበት ሊካስ አይችልም።

ይኸው ጥያቄ ወደ ሳሎኑ ሲመለስ ባዶ የነበረው የምርጫ ቦታ በሰዎች ይሞላል። በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ አልፎ ሬቲና በተባለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ላይ የሚያርፈው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚያርፈው ሲሶ ገደማ ነው። እናት ዳዊት የሚደግሙበት፣ ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት፣ መስኮቱም አንድና ጠባብ የሆነ ሳሎን ከነጩ ጋር የሚስማማ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ግን የእናትን ዓይን ከራሱ ደስታ አስቀድሞ ለሚያይ ሰው እንጂ ለቀለሙ ብቻ ለሚጨነቅ ሰው አይታይም። በቀን ሥራ የዋሉ ባልና ሚስት ማታ ብቻ አረፍ ብለው የሚጨዋወቱበት ክፍል ደግሞ ድምቀትን ሳይሆን ጥልቀትን ሊሻ ይችላል፣ በመብራት ሥር ያለ ጠቆር ያለ አረንጓዴም ይህን በሚገባ ይሰጣል። ቻንግ ሰው ምክንያቱን ራሱ ያቆመዋል ስትል ያልተናገረችው ይህንን ነው፦ ምክንያቱ የሚቆመው ከባዶ ፈቃድ ሳይሆን ሰው ለእነማን ሲል እንደሚኖር ከወሰነው ውሳኔ ነው፤ ስለዚህም በጋራ ቤት ውስጥ አንዱ ሌላውን ሳያማክር የሚመርጠው ቀለም፣ ቀለሙ ያማረ ቢሆንም እንኳ፣ ምርጫው የጎደለ ነው።

ፈላስፋው በርናርድ ዊልያምስ በ1965 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሁለት ግዴታዎች ተጋጭተው አንዱ በተፈጸመ ጊዜ ያልተፈጸመው ግዴታ እንደ ስሕተት ግምት ተሰርዞ እንደማይጠፋ ተከራክሯል፤ ነገሩ ለግዴታ ብቻ ሳይሆን ለመልካም ነገሮችም ይሠራል። ነጩን የቀባ ሰው በጎረቤቱ ቤት አረንጓዴውን አይቶ ልቡ ቢሳብ ይህ መሳሳቱን አያመለክትም፤ የአረንጓዴው መልካምነት በምርጫው ጊዜም እውነት ነበርና። እንዲህ ያለው መሳብ ግድግዳውን ዳግም ለመቀባት በቂ ምክንያት አይሆንም። በቂ የሚሆነው ልጆቹ አድገው ሲወጡና ሳሎኑ የሌላ ሰው፣ የሌላ ተግባር ክፍል ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ራሱ ስለሚለወጥ መልሱም እንደ አዲስ ሊታሰብ ይገባዋል።