በቆዳ ላይ የተጻፈ ውል

ሰው ነገ የሚሆነውን ራሱን በዛሬ ፈቃዱ ሊያስር ይገባዋልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ መሐላ የማለ፣ ቃል ኪዳን የገባ፣ ምንኩስናን የተቀበለ ሁሉ ጠይቆታል፤ ሳይጠይቅ ያለፈውም ኋላ ደርሶበታል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከመጻሕፍት አውርደን በአንድ ተራ ነገር ላይ ልንመረምረው እንወዳለን፤ ይኸውም መርከበኞች በክንዳቸውና በደረታቸው ሲያስነቅሱት በኖሩት፣ ጥቁር መስመሩ ወፍራም፣ ቀለሙ ጥቂት በሆነው ነባሩ የአሜሪካ ንቅሳት ላይ ነው። መልሕቅ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለ ወፍ፣ ጽጌረዳ፣ በጩቤ የተወጋ ልብ፣ ስም የተጻፈበት ጥብጣብ፤ አንባቢ በሚኖርበት ከተማ አውቶቡስ ውስጥ በሰው ክንድ ላይ አይቶት ያልፋል። ለተማሪዎች መጽሔት የቀለለ ርእስ የሚመስለው ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

ስለ አመጣጡ አስቀድመን እንናገር። እንግሊዛዊው ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1769 ታሂቲ ከደረሰ በኋላ «ታታው» የሚለው የደሴቶቹ ቃል በመርከበኞች አፍ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ገባ። ነገሩ ግን በቃሉ አልተጀመረም፤ ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ አውሮፓውያን ከዚያ ቀድሞም መስቀል በክንዳቸው አስነቅሰው ይመለሱ ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1796 ባወጣው ሕግ መሠረት መርከበኞች ዜግነታቸውን የሚመሰክር ወረቀት ይሰጣቸው ጀመር፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአሜሪካን መርከቦች በባሕር ላይ እያስቆመ «እናንተ የእኛ ናችሁ» በማለት ሰዎቹን በግድ ይወስድ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የለም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ ጠባሳ፣ እንዲሁም በክንድ ላይ የተነቀሰው መልሕቅ ወይም የስም ፊደል ይመዘገብ ነበር። ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ይሸጣል፤ ክንድ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። በየቢሮው ደጅ «ማን እንደ ሆንክ አስረዳ» የተባለ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ንቅሳቱ የዛሬውን መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ እ.ኤ.አ. በ1891 በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንቀሻ በስሙ አስመዘገበ፤ መነሻው ቶማስ ኤዲሰን በ1876 ያስመዘገበው የኤሌክትሪክ ብዕር ነበር። ያ ብዕር ወረቀት እየበሳ ጽሑፍ ለማባዛት የተሠራ ነው። (ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በስቴንስል በራሪ ወረቀት ሲያባዙበት ያደሩት መሣሪያም የዚሁ ብዕር ዘመድ ነው፤ አንዱ ልጅ ወደ ወረቀት፣ አንዱ ወደ ቆዳ ሄደ።) ከዚያ በኋላ በየወደቡ ሱቆች ተከፈቱ፤ በሆኖሉሉ «መርከበኛው ጄሪ» በሚል ስም የታወቀው ኖርማን ኮሊንስ (1911–1973) ከእነዚህ ባለሙያዎች ዋነኛው ነው። የሱቆቹ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በተዘጋጁ ሥዕሎች የተሸፈነ ነበር። መርከበኛው የዕረፍት ሰዓቱ ሳያልቅ ይገባል፣ አንዱን በጣቱ ያመለክታል፣ ክንዱን ይዘረጋል። የሥዕሉ ባለቤት እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ያው መልሕቅ በሺህ ሰው ክንድ ላይ ነበር፣ መልእክቱም ከሺሁ ጋር የጋራ ነበር።

መስመሩ ለምን ወፈረ? መርፌው ቀለሙን ከላይኛው የቆዳ ሽፋን በታች ያስቀምጠዋል፤ ቀለሙ ግን በተቀመጠበት ጸጥ ብሎ አይኖርም። ከዓመት ወደ ዓመት ጥቂት በጥቂት ይሰፋል፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ ቆዳውም ይላላል። በቀጭን መስመር የተሠራ ሥዕል ትኩስ ሳለ የረቀቀ ነው፤ ኋላ ግን አጠገብ ለአጠገብ ያሉት መስመሮች ይቀላቀሉና ውሉ ይጠፋል። ነባሩ ነቃሽ ይህን ያውቃል። የሚሠራው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላም መልሕቁ መልሕቅ፣ ወፏም ወፍ ሆና ከመንገድ ማዶ እንድትነበብ አስቦ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ያበዛል፣ ቀለሙን በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ይወስናል፣ ከቆዳውም ብዙውን ሳይነካ ይተዋል፤ ያ ያልተነካው ቦታ ለሚመጣው መስፋት የተጠበቀ ነው። እንግዲህ ይህ የእጅ ሥራ «አልለወጥም» የሚል ትምክሕት የለበትም። እንደሚለወጥ ተቀብሎ የተጀመረ ነው።

ባለፈው የውይይት ምሽት ከመካከላችን አንዱ በክንዱ ላይ መልሕቅ ለማስነቀስ ማሰቡን ቢነግረን ሌሊቱ እስኪጋመስ ተከራከርን። የተቃዋሚዎቹ ዋና ነጥብ ይህ ነበር፦ የሃያ ዓመት ወጣት የሃምሳ ዓመቱን ሰው አያውቀውም፤ በማያውቀው ሰው ገላ ላይ ደግሞ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ነጥቡ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ከተከተልነው ትምህርት መምረጥም፣ ልጅ መውለድም፣ አገር ጥሎ መውጣትም የተከለከለ ይሆናል። ስደት ራሱ ገና ላልተወለደ ሰው የተፈረመ ውል አይደለምን? አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ እናቱን «ተምሬ እመለሳለሁ» ያለው ወጣትና ዛሬ ይህን መጽሔት የሚያነበው ሰው በስም እንጂ በሌላ ነገር ምን ያህል ይመሳሰላሉ?

ብዙዎቻችንን የሚከነክነን ይህ ቃል ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። «በአራት ዓመት እመለሳለሁ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት እገባለሁ፣ ቤቱን በዚህ በኩል አሠራዋለሁ» የሚለው ቃል በቀጭን መስመር የተሠራ ነው። ሲነገር ያምራል፤ ጥቂት ዓመታት፣ አንድ የመንግሥት ለውጥ፣ አንድ የተከለከለ ቪዛ ሲያልፍበት መስመሮቹ ይቀላቀላሉ፤ ሰውየውም ሁሉን እንደ ካደ ቆጥሮ ራሱን ይፈርድበታል፣ ወይም ደብዳቤ መጻፉን ያቆማል። «የእናንተ ነኝ፤ የምበላውን ሳላካፍላችሁ አልበላም» የሚለው ግን ወፍራም ነው። አንድ ወዳጃችን በዚያ ምሽት እንዲህ ብሎ ተቃወመ፦ «ይህ ለሰነፍ የተመቸ ነው፤ ምንም ያልተባለበት ቃል አይፈርስም።» ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው። ሆኖም ወፍራምን ከደብዛዛ ጋር አምታቶታል። ወፍራም መስመር ጥቂት ነገር ይናገራል እንጂ ያልተወሰነ ነገር አይናገርም፤ መልሕቅ መልሕቅ ነው፣ ማንም ጽጌረዳ ነው ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። ሳያካፍል የበላ ሰው መብላቱ ይታወቅበታል፤ ከመንገድ ማዶም ይታያል።

ለመሆኑ ቀለሙን በቆዳ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ምንድን ነው? የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ያሳዩት ነገር ለክርክራችን እንደ ታዘዘ ሆኖ አግኝተነዋል። ባዕድ ነገርን እየዋጡ ገላን የሚጠብቁ ሕዋሳት ቀለሙን ይውጡታል፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ሕዋሳት ዘላለማዊ አይደሉም፣ ይሞታሉ። ሲሞቱ ቀለሙ ይለቀቃል፤ በስፍራው የተተኩት አዳዲስ ሕዋሳትም መልሰው ይውጡታል። ስለዚህ መስመሩ የሚኖረው በመጀመሪያ የተቀበለው ስለ ጸና አይደለም፤ የተቀበለውማ ሞቷል። የሚኖረው ተከታዩ ስለሚያነሣው ነው። የሃያ ዓመቱ ወጣት የሃምሳ ዓመቱን ሰው አስሮታል ሲባል የተረሳው ይህ ነው፤ ውሉን ዳግመኛ የሚፈርመው ወይም የማይፈርመው ያ የሃምሳ ዓመቱ ሰው ነው። አልፈልግም ካለ ዛሬ ሌዘር አለ፤ ቀለሙን ሰባብሮ ገላ እንዲያስወግደው ያደርጋል፤ ብዙ ቀጠሮ፣ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ጥላው ይቀራል። መርከበኞቹ ግን ከመፋቅ ይልቅ መጨመርን ያውቁ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1909 ነውረኛ ንቅሳት ያለበት ምልምል እንዳይቀጠር፣ ሥዕሉን ካስተካከለ ግን እንዲቀጠር ባዘዘ ጊዜ በክንዳቸው ላይ ራቁቷን ሴት የያዙ ወጣቶች ወደ ነቃሹ ሄደው ቀሚስ አለበሷት። ሠዓሊው ኖርማን ሮክዌልም በ1944 በአንድ መጽሔት ሽፋን ላይ ክንዱን ለነቃሽ የዘረጋ መርከበኛ ስሏል፤ ከላይ እስከ ታች የሴቶች ስም ተደርድሮ እያንዳንዱ ተሰርዟል፣ ነቃሹም ከታች አዲስ ስም ይጽፋል። ሥዕሉ የተሳለው ለማሣቅ ነው። እኛን ግን የገረመን የተሰረዘው ሁሉ አሁንም መነበቡ ነው፤ ያ ሰው ቢያንስ ታሪኩን አልደበቀም።

ከወደብ ወደ አገራችን የምንሻገረው ለማነጻጸር ያህል ብቻ አይደለም፤ ንቅሳት ለእኛ የመርከበኛ ነገር ከመሆኑ አስቀድሞ የእናት ነገር ነውና። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በትግራይ ሴቶች በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ድሪ የተደረደረ መስመር ይነቀሱ ነበር፤ ነቃሽዋ በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ጥላሸት ታስገባበታለች። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ገላን መንቀስ ይከለክላል፤ መስቀሉ ግን በግንባር ላይ ኖሯል፤ ሊቃውንቱ ይህን እንዴት እንደሚያስታርቁት ለእነርሱ እንተወው። ኋላ ከተማ የገባው ትምህርት ንቅሳትን የኋላ ቀርነት ምልክት አደረገው፤ አንገታቸውን በሻሽ የሸፈኑ ብዙዎች ናቸው። የእነዚያ እናቶች ልጆች ዛሬ በባዕድ ከተማ ለመልሕቅ ቀጠሮ ይይዛሉ። ይህን የምንለው ለመሳለቅ አይደለም፤ ጥቂት መሳለቅ ግን ሳይኖርበት አይቀርም።

ያ ወንድማችን በአንድ ተዝካር ላይ አንገታቸው የተነቀሰ አንዲት አሮጊት አግኝቶ አሳቡን አጫወታቸው።

«እማማ፣ እርስዎን ሲነቅሱዎት ፈቃድዎን ጠይቀውዎት ነበር?»

«ማን ይጠይቀኛል ልጄ! እናቴ እጄን ይዛኝ እሪ እያልኩ ነው እንጂ።»

«ታዲያ አይቆጭዎትም?»

«ያን ቀን ተቆጣሁ። ከተማ ስገባ ደግሞ አፈርኩበት። አሁን እሷም የለች፣ ቤቱም የለም፤ ከእጇ ሥራ የቀረኝ ይኸው ነው» አሉና አንገታቸውን ዳሰሱ። ጥቂት ቆይተውም «አንተን ግን ማንም እጅህን አልያዘህም» አሉት።

ይህ መልስ እሪ እያለች በተያዘችው ልጅ ላይ የተደረገውን ትክክል አያደርገውም፤ እናትየዋ በፍቅር ይዛታለችና ፈቃድ አያስፈልግም ነበር የሚል ካለ አንስማማም። ያለ ፈቃድ የተወጋ ቆዳ እስከ ምን እንደሚደርስ በናዚዎቹ የአውሽቪትዝ ካምፕ በእስረኞች ክንድ ላይ የተነቀሰው ቁጥር ለዓለም አሳይቷል፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግን ግፍ ነው። ቁጥሩ የሰውን ስም ለማጥፋት የተጻፈ ነበር፤ የአሮጊቷ አንገት ግን «የማን ልጅ ነሽ» ለሚለው መልስ ነው። ያንኑ መስመር ሦስት ጊዜ ተቀብለውታል፦ በቁጣ፣ በኀፍረት፣ በመጨረሻም እንደ ውርስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ማንም አልጠየቃቸውም። ሦስተኛውን ግን በፈቃዳቸው ነው ያነሡት፤ እኛም በክርክራችን ሌሊት ያላገኘነውን ፈቃድ እዚያ ላይ አየነው።

ወንድማችን አሳቡን አልለወጠም፤ ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው። መልሕቁ በግራ ክንዱ ላይ ይሆናል፣ መስመሩም ወፍራም። በጥብጣቡ ላይ የሚጻፈውን ግን ገና አልወሰነም፤ የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ የወጣበትን ዓመት እያነሣ ይጥላል። ነቃሹ ጥብጣቡን ለጊዜው ባዶውን ሊተውለት እንደሚችል ነግሮታል።