ወገብና ትጥቅ

ሮብ ገበያ ስሟ ራሱ ቀኗን ይናገራል። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዱ ረቡዕ፣ ገብስና ድንች የጫኑት አህዮች ከጮቄ በኩል ወርደው ገበያው ሲደምቅ፣ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ወገባቸው ላይ የተጠመጠመ ረጅም ድግ አየሁ። ጠመንጃ የለም፣ ዝናር የለም፤ ጎራዴማ ከነጭራሹ የለም። የከተማ ልጅ ነኝና ምላሴ ቀደመኝ።

«አባ፣ መሣሪያ ከሌለ ድግ ምን ያደርጋል?»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «አየ ልጄ! ድግ የመሣሪያ መያዣ መሰለህ? የወገብ መያዣ ነው እንጂ!» አሉኝ።

ያኔ ስቄ አለፍሁ። አሁን አሁን ግን ንግግራቸው ይመላለስብኛል። እስኪ ቃሉን ከሥሩ እንየው።

ዛሬ «ትጥቅ» ሲባል የሚታየን ጠመንጃና ጥይት ነው። ቃሉ ግን የተገኘው «ታጠቀ» ከሚለው ግስ ነው፤ ታጠቀ ማለት ደግሞ ወገቡን በመታጠቂያ አሰረ ማለት ነው። ጎራዴው ከመታጠቂያው ጋር ስለሚታሰር የጨርቁ ስም ወደ ብረቱ ተሻገረ። ቀስ በቀስ ብረቱ ስሙን ወርሶ ጨርቁ ተረሳ።

«ዝናር»ም ቢሆን ጥይት ከመደርደሩ በፊት ተራ መታጠቂያ ነበር። የቃሉ ምንጭ «ዞናሪዮን» የሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትንሽ መቀነት እንደማለት። በሶርያና በዐረብ ቋንቋዎችም ይገኛል። በመካከለኛው ዘመን በእስላም መንግሥታት ሥር የሚኖሩ ክርስቲያኖች መለያ እንዲሆናቸው እንዲታጠቁ የሚታዘዙት መቀነት ስሙ ይኸው «ዙናር» ነበር። በአንዱ አገር የተገዢነት ምልክት የነበረው ቃል በእኛ አገር የጀግና ጌጥ ሆነ። ቃልም እንደ ሰው ዕድል አለው!

ግዕዙ ደግሞ መታጠቂያን «ቅናት» ይለዋል፤ «ቀነተ» ከሚለው። የእናቶቻችን መቀነት የመጣው ከዚያው ነው። መነኩሴም ሲመነኩስ ቅናት ይታጠቃል። በአማርኛ ቅናት የምንለው ክፉ ስሜት ግን ሌላ ዘር ነው፤ «ቀንአ» ከሚለው የመጣ ነው። ሁለቱ ዛሬ በአንድ ፊደል መጻፋቸው አጋጣሚ ነው። አጋጣሚው ግን ያስፈራል፤ ወገብ ለማጽናት የታሰበው መታጠቂያ ስንት ጊዜ የቅናት መሣሪያ ማንጠልጠያ ሆኗል?

ታሪካችን የሚያስታውሰው የመታጠቅን አንዱን ፊት ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም «ታጠቅ» ነበር፤ «አባ ታጠቅ» የተባሉትም በዚያ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወር ከየገጠሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ የሠለጠነው በአዲስ አበባ አቅራቢያ «ታጠቅ» በተባለው ጦር ሰፈር ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የተራራቁ ሁለት ዘመናት አንድ ትእዛዝ አስተላለፉ፤ ታጠቅ!

ሌላውስ ፊት? ለትልቅ ሰው ሲያደገድጉ ሸማን መታጠቅ አለ። ኀዘንተኛዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ታለቅሳለች። ባለሠርጓም ለድግሱ ወገቧን ታጥቃ ትንጎራደዳለች። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር የሚያጥበው፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ጎንበስ ያለውን ጌታ አብነት አድርጎ ነው። መታጠቅ ለመግደል ብቻ አልነበረም፤ ለማገልገልም፣ ለማልቀስም፣ ለመታዘዝም ነበር።

ታዲያ «ትጥቅ መፍታት» ስንል ምን እያልን ነው? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የሕወሓት ታጣቂዎች ትጥቅ እንዲፈቱ ይላል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው ወደ ሌሎች የጸጥታ መዋቅሮች እንዲገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ነገሩን የሰማው «ትጥቅ ሊያስፈቱን ነው» ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ደብረ ማርቆስም የተኩስ ድምፅ ሰማች።

ውሳኔው ልክ ነው፣ አይደለም የሚለውን እዚህ አልፈርድም። የምለው ስለ ቃሉ ነው። በሌላው ዓለም ቋንቋ የጦር መሣሪያ መቀነስ የሚባለው ነገር በአማርኛ ሲነገር «መታጠቂያህን ፍታ» ይሆናል። በሬውን ሸጦ ጠመንጃ የገዛ ገበሬ ይህን ሲሰማ ብረቱን ብቻ የሚጠይቁት አይመስለውም፤ በሰው ፊት ወገቡን የሚያስፈቱት ይመስለዋል። አትፍረዱበት። ሌባ ቢመጣ ፖሊስ ሩቅ ነው፤ ድንበሩ ቢገፋ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ያበዛል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅም የተማመነው በጠመንጃው ነበር።

ነገር ግን ሽማግሌው ትክክል ከሆኑ ስህተቱ ከሁለቱም ወገን ነው። አስፈቺው ብረቱን ከወሰደ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ያ ሰው በሕግ፣ በፍርድና በዳኛ ካልታጠቀ ግን ነገ ሌላ ብረት ይፈልጋል። ታጣቂውም ብረቱ ወገቡ የሆነ ይመስለዋል። ወገብ ግን ብረት ከመምጣቱ በፊት ነበረ፤ አባቶቻችን ሲያርሱበት፣ ሲያስታርቁበት፣ ሲሸከሙበት ኖረዋል። ጎራዴም ቢሆን አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ሰገባው ውስጥ፣ መታጠቂያው ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የመታጠቂያ የመጀመሪያ ሥራው መያዝ ነው፤ ማስመዘዝ አይደለም። ብረቱን መያዝ ያቃተው ሰው ጎኑ በጥይት ቢሞላም እኔ ታጣቂ ለማለት እቸገራለሁ።

ሽማግሌው ያን ዕለት ገብሳቸውን ሸጠው፣ ገንዘቡን ከድጋቸው እጥፋት ውስጥ ቋጥረው፣ ድጉን አንድ ዙር አጥብቀው ተነሡ። ዳገቱ ረጅም ነበር። ብረት አልያዙም፤ ግን ያለ ትጥቅ ሄዱ ብዬ ለማንም መናገር አልችልም።