ግብርና ሕሊና



«ግብር የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ከእምነታችን ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ጥያቄ በመካከላችን ይነሣል። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ነጋዴዎች የተጣለባቸውን የቀን ገቢ ግምት በመቃወም በአምቦና በጊንጪ ሱቆቻቸውን ዘግተው እንደ ነበር እናስታውሳለን። ከእኛም መካከል የብዙዎቻችን እንጀራ ከትንሽ ሱቅ የሚገኝ ስለ ሆነ ጥያቄው ከቤታችን የራቀ አይደለም።

ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ዲናር አስመጥቶ የቄሣር የሆነው ለቄሣር፣ የእግዚአብሔር የሆነው ለእግዚአብሔር እንዲሰጥ አስተማረ (ማቴ. 22)። ቅዱስ ጳውሎስም ግብር የሚከፈለው ቅጣትን በመፍራት ብቻ ሳይሆን ስለ ሕሊና መሆኑን ለሮሜ ክርስቲያኖች ጻፈ (ሮሜ 13)። እንግዲህ መክፈል ግዴታችን ነው።

ነገር ግን ግምቱ ከእውነተኛው ገቢ ቢበልጥስ? ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረባቸው ግብራቸው በግምት ይወሰን ነበር። መዝገብ በሌለበት ነጋዴው «ጨምረው ይጽፉብኛል» ብሎ ቀንሶ ይናገራል፤ ገማቹም «ቀንሶ ነግሮኛል» ብሎ ይጨምራል። እንዲህ ሆኖ ሐሰት ሐሰትን ይወልዳል፤ አብልጦ የሚጎዳውም እውነቱን የተናገረው ይሆናል።

ታዲያ እውነት መናገር ሞኝነት ነውን? አይደለም እንላለን። እውነቱን የተናገረ ሰው ግምቱ ሲበዛበት ቀና ብሎ አቤት ማለት ይችላል፤ የዋሸ ግን በእርግጥ ቢበደልም አፉ የተያዘ ነው። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ዛሬ ግን ሕጉ በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ ማቅረብን ይፈቅዳል። ግብር እንድንከፍል ያስተማረን ጳውሎስ ራሱ ፍርድ ሲጓደልበት ይግባኙን ወደ ቄሣር አቅርቧል (ሐዋ. 25)። ስለዚህ በሥርዓት አቤት ማለት አለመታዘዝ አይደለም።

ነገ ደግሞ ከእኛው መካከል በገማቹ ወንበር የሚቀመጥ ይኖራል። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችን ሥራቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም፤ ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይወስዱ ግን አስጠነቀቃቸው (ሉቃ. 3)። ዘኬዎስም በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19)። ድሃ ነጋዴ ላይ ያለ አግባብ የተጨመረ ብር የልጆቹ ምሳ መሆኑን አንርሳ።

እንግዲህ በሱቅ የምንሠራ ሁላችን፣ ሕግ ባያስገድደንም እንኳ የየዕለቱን ሽያጭ በደብተር እንጻፍ፤ የሚገባውን እንክፈል፤ የማይገባውን በግልጽ እንቃወም። ለዚህም እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጠን። አሜን።