መብረቅ ወንጀለኛን ይመርጣልን?

በክረምት ከባሕር ዳር ሆናችሁ በጣና ላይ መብረቅ ሲያበራ አይታችሁ ይሆናል። ሰው ሲገድል ግን «ምን ወንጀል ቢሠራ ነው?» የሚል አይጠፋም።

በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎችን የሚያነሱ የቪዲዮ ካሜራዎች ከዓይናችን የሚያመልጠውን አሳይተዋል። መብረቅ ከደመናው፣ በአብዛኛው ከ50 ሜትር ባልበለጠ እርምጃ፣ እየተከፋፈለ ይወርዳል። ወደ ምድር ሲቃረብ ከዛፍ፣ ከጣሪያ፣ ሜዳ ላይ ከቆመ ሰውም ጭምር የኤሌክትሪክ ፍንጣቂዎች ሽቅብ ይነሳሉ። አንዱ ከወራጁ ጋር ሲገናኝ ታላቁ ብልጭታ ይበራል። በዚህ ሁሉ የሚታየው የቁመትና የሥፍራ ጉዳይ እንጂ የምግባር አይደለም።

ሞት በአላህ ውሳኔ ነው፤ የሟቹን ልብ የሚያነሳ ካሜራ ግን የለም። ስለዚህ ሐዘንተኛውን እናጽናና። ነጎድጓድ ስንሰማም ከዛፍ ሥር እንራቅ፤ ታንኳችንን ወደ ዳር እንመልስ፤ ቤት እንግባ። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን አይጻረርም።