አለቃና ምንዝር በችግር ቀን

በጀቱ በሞላበት፣ ምስጋናውም በበዛበት ዘመን መሥሪያ ቤትን ማስተዳደር እምብዛም አያስቸግርም፤ ደመወዙ በቀኑ ይከፈላል፣ ሥራውም በልማዱ ይሄዳልና። የአለቃ ማንነት የሚለየው የሚመጣው ወር ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ሳይታወቅ ሲቀር፣ በዚያም ላይ ከውጭ የሚሰነዘረው ነቀፋ ሲበረታ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን አለቃ ለምንዝሩ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? ማጽናናት ነውን? ወይስ እውነቱን መንገር? ይህን ጥያቄ ከከተማችን በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቦሌ፣ በዘመናችን በሆነው ነገር ብንመዝነው ይቀለናል።

በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ድርጅት ሲሆን የሚተዳደረው ግን በራሱ ገቢ ነው። ስለዚህ መንገደኛ የጠፋ እንደ ሆነ የሠራተኛው እንጀራ ወዲያው ያሠጋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ሐዘኑ ሳይበርድ በውጭ አገር አንዳንዶች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠና ይቀስሩ ጀመር። በዚያን ጊዜ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም ግን ስለ ሠራተኞቻቸው በአደባባይ ተሟገቱ። በኋላም ምርመራው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋው መቆጣጠሪያ በተሳሳተ መረጃ ተነሥቶ መሥራቱን አሳየ፤ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላኖችም አስቀድሞ በዓለም ሁሉ ከበረራ ታግደው ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ነገር ግን ንጋቱ እስኪመጣ ድረስ በጨለማው ውስጥ ከሠራተኛው ጋር የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም የአለቃ ፈንታ ነው።

ዓመት ሳይሞላው ሁለተኛው ፈተና መጣ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ ድርጅቱ ወደ ቻይና የሚያደርገውን በረራ ባለማቋረጡ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። ይህን ወቀሳ ከፊተኛው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። የፊተኛው ነገሩ ሳይጣራ የተሰጠ ፍርድ ነበረ፤ የኋለኛው ግን ለሕዝብ ጤና፣ ከሁሉ በፊትም በአውሮፕላኑ ውስጥ ለሚያገለግሉት ለራሳቸው ለሠራተኞቹ የተሰማ ሥጋት ነበረበት። ነቀፋን ሁሉ የጠላት ወሬ ነው እያለ የሚመልስ አለቃ ሠራተኛውን የጠበቀ ይመስለዋል፤ የሚጠብቀው ግን ክብሩን ብቻ ነው።

ከዚያም አገሮች በራቸውን ዘጉ፤ መንገደኛም ጠፋ። በቦሌ ግን ሥራው አልቆመም። ከአንዳንድ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበሩ ተነቅሎ ጭነት ተጫነባቸው፤ የሕክምና ዕቃም ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተላከ። አስተዳደሩም ቋሚ ሠራተኛ አለመሰናበቱንና ከመንግሥት መደጎሚያ ገንዘብ አለመጠየቁን አስታወቀ። ለዚህ ቃል ክብደት የሰጠው ከበስተኋላው ሥራ መኖሩ ነው። ሥራ የሌለበት ማጽናኛ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቃል ሊያሳስበን ይገባል፤ ይኸውም «ቋሚ» የሚለው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከቋሚው ጎን በኮንትራት የሚያገለግል ሰው አለ፤ ልጆቹ የሚራቡት ግን በኮንትራት አይደለም። ለአንዱ የተሰጠ ተስፋ ሌላውን በዝምታ ከደጅ ያስቀረ እንደ ሆነ፣ አለቃው ይህን ሰው ፊት ለፊት ጠርቶ እውነቱን ሊነግረው ግዴታ አለበት። ገንዘቡ ባይበቃ እንኳ እውነትን ለመንገር በጀት አያንስም።

እንግዲህ የአለቃ ዕዳው ሦስት ነው እንላለን። በእጁ ያለውን ቃል መስጠትና መፈጸም፤ በእጁ የሌለውን አላውቅም ማለት፤ ያልተገባውን ነቀፋ ፊት ቆሞ መቀበል፣ የተገባውን ደግሞ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሥራን ማረም። ይህ ለአየር መንገድ ብቻ የተነገረ አይደለም። የወረቀት መግዣ ያጣ የትምህርት ቤት ዲሬክተርም፣ በጀቱ የተቀነሰበት የመምሪያ ኃላፊም ነገ በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ። ተማሪዎቻችንም ሹመትን ሲመኙ አብሮት የሚመጣውን ይህን ዕዳ ከወዲሁ ቢያውቁት መልካም ነው።