«አየሁ» እና «አያለሁ»

በጠራ ሰማይ በዓይን እየተመሩ የሚበሩ ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች ዋነኛ ሕጋቸው አይቶ መራቅ ነው። መንገዳቸው ሲቋረጥ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያገኘው አብራሪ መንገድ ይለቃል፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ሆኖም ቅድሚያ የተሰጠው አብራሪም ግጭትን ከመከላከል ግዴታ ነፃ አይወጣም፤ መብት ኃላፊነትን አይሽርምና።

ይሁን እንጂ ዓይን ራሱ ደካማ ምስክር ነው። ሁለት አውሮፕላኖች አቅጣጫቸውንና ፍጥነታቸውን ሳይለውጡ ወደ መጋጫቸው ሲያመሩ፣ አንዱ ለሌላው በመስተዋቱ ላይ እንደ ቆመ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ዓይን ደግሞ ፈጥኖ የሚይዘው የሚንቀሳቀሰውን ነው። ስለዚህ በጎን የሚያልፈው ይታየናል፤ የሚመጣብን ግን እስኪገዝፍ ድረስ ይሰወርብናል።

መስከረም 15 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1978) በአሜሪካ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ ሰማይ ላይ አንድ ቦይንግ 727 እና አንዲት ትንሽ ሴስና ተጋጩ። 144 ሰዎች አለቁ፤ ከእነዚህ 7ቱ ምድር ላይ የነበሩ ናቸው። የቦይንጉ አብራሪዎች ስለ ሴስናዋ ተነግሯቸው ነበር፤ ማየታቸውንም አረጋግጠው ነበር። ቆይታ ግን ከዓይናቸው ጠፋች። አልፋናለች ብለው ገመቱ እንጂ መጥፋቷን ለተቆጣጣሪው በግልጽ አላስታወቁም። ሴስናዋም ከተሰጣት አቅጣጫ ዘወር ብላ ነበር። በራዳር ክፍሉ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሲሰጥ እንኳ፣ አብራሪዎቹ እያዩአት ነው ተብሎ ታለፈ።

ታዲያ ጥፋቱ አለማየት ነውን? አይደለም፤ ዓይን መሳት የሰው ባሕርይ ነው። «በቅን ልቦና ገመቱ እንጂ አልዋሹም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው «አየሁ» ባለ ጊዜ ሌሎቹ ስለ እርሱ መጠበቃቸውን ይተዋሉ። «አየሁ» ያለፈ ነገር ነው፤ እነርሱ ግን የሰውን ሕይወት ያሳረፉት በ«አያለሁ» ላይ ነው። ቅንነት ይህን ርቀት አይሞላውም።

መምህሩ ተማሪውን፣ ኃላፊው አንድ ጊዜ የጎበኘውን መንደር፣ «አውቀዋለሁ» እያለ ስንት ዓመት ይኖራል? እኔም ከሃያ ዓመት በፊት ያየሁትን ገበሬ ዛሬም እንደማየው አድርጌ መድረክ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ተመልካቹም አምኖኝ አጨብጭቧል። ያ ጭብጨባ ዛሬ ይከብደኛል።

እንግዲህ ከባዱ ቃል «አላየሁም» አይደለም፤ «አይቼ ነበር፤ አሁን ግን ከዓይኔ ጠፍቷል» ማለት ነው። ይህን በጊዜው የተናገረ ሰው ክብሩ ጥቂት ቢጎድልበት፣ ሌላው ዳግመኛ እንዲመለከት ያነቃዋል።